ወደ ኋላ የሚዞር

አንድ ቴሌቪዥን ነበር ለመቶ ሃያ ሰው፣
አንቴናው ሽቦ ነው፣ ማሱድ ያቆመው፤
ቅሪያት ሽሞና፣ የመጤ ማረፊያ፣
ምግብ ቤቱ ጥግ ላይ፣ ከሾርባው ድስት ወዲያ።

ማክሰኞ አመሻሽ ላይ፣ አንድ ሰዓት ሲሆን፣
የነፋስ ጀልባው ይመጣል፣ ሸምበቆውን
በደረቱ እያስተኛ፣ ረግረጉን እየላሰ፣
ጀርባው ላይ ያለው ክንፍ ዓለምን እያመሰ።
ፕሮፔለሩ አየር ላይ፣ ውኃ የማይነካ፣
ሣር የማይጠልፈው፣ ጭቃ የማያቦካ፤
ከፍ ካለ ወንበር ባለባርኔጣ ሰው
ዘንጉን ጨብጦ ነው እያፏጨ የሚነዳው።

ረቡዕ ጠዋት እኛ፣ ወንበር ገልብጠን፣
ከራያ ጓዳ የተጣለ ማራገቢያ አምጥተን
በገመድ አሥረን፣ በአፋችን እናጓራለን።
መምህሯ ትጣራለች፣
አዲስ በለጠፈችብን ስም፤ አንሰማትም።
ሞተሩ ያጓራል፤ ረግረጉ ላይ ነን፤ የለንም።

ከሥር ሁለት ረድፍ ጽሑፍ ይሮጣል፤
ላይኛው ዕብራይስጥ፣ ታችኛው ዐረብኛ ይመስላል፤
ሰዎቹ የሚያወሩት እንግሊዝኛ ነው አሉ፤
ከሦስቱ አንዱን እንኳ ልጆች የት ያውቃሉ?

ሙጬ ነው የፈታው።
ዐሥራ አንድ ዓመቱ፣ የፊት ጥርሱ የተሸረፈ፣
ከሱዳን በረሃ ምላሱን ብቻ ያተረፈ፣
ወንበር ላይ ይወጣል፣ ድምፁን ያጎረንናል፣
«ዝም በሉ!» ይለናል፣ «ሰውየው እንዲህ ይላል፦
እናቴን አያችሁ? በዚህ በኩል አልፋለች፤
ሰማያዊ ጥለት ነጠላ ለብሳለች።»

ሽጉጥ ቢመዝዝም፣ ሌባ ቢያሳድድም፣
ለሙጬ ያው ነበር፤ ጥያቄው አይለወጥም።
አዞውን ጠየቀ፣ ዳክዬውን ጠየቀ፣
ሳምንት ሳምንት ወልዶ ክረምቱ አለቀ።
ፀጉረ ወርቅ ሴት አቅፋ ከንፈሩን ስትስመው
«የአክስቱ ልጅ ናት» አለን፣ «ልታጽናናው ነው።»

አንድ ማታ ይታይሽ፣ የሁላችን ታናሽ፣
ጣቷን ቀሰረች፦
«ጀልባው ወደ ፊት ነው። ክንፉስ? ለምንድነው
ወደ ኋላ የሚዞረው?»
አየን። እውነቷን ነው።
ክንፎቹ በመስኮቱ ቀስ፣ ቀስ እያሉ
ወደ መጡበት ይመለሳሉ።

ሙጬ ዝም አለ። ዝም ሲል አይተን አናውቅም።
«ሰውየው ሥራ አለው» አለ፣ «ጀልባው አይቆምም፤
ክንፉ ግን ተመልሷል፣ እሷን ሊያመጣት።»
ማሱድ ቁልፉን እያንቃጨለ መጣ።
አልፎ ነበር ሰዓት።

ዘንድሮ በክረምት ከስልኬ ላይ አገኘሁት፣
ያንኑ፣ ደብዛዛውን፤ ልጆቼ ሲተኙ ከፈትሁት።
ዛሬ ቋንቋው ይገባኛል። ሰውየው እናት የለው፤
መረቡ የጠበበ ዓሣ አጥማጅ የሚቀጣ
የመንግሥት ደመወዝተኛ ነው።
አርባ ደቂቃ ሙሉ ስለ መረብ ቀዳዳ ክርክር!
ሳቅሁ።
ኋላ ድምፁን ዘግቼ እንደገና አየሁት፤
ቃሉ ሲጠፋ ጊዜ፣ ጥያቄውን ሰማሁት።

ሙጬ አሁን ሑላ ነው፤ አድርቀውት ኖረው
ተጸጽተው ውኃ በመለሱበት ሐይቅ፣ ሞተር ጠጋኝ ነው።
አንዲት አሮጌ የነፋስ ጀልባ አለችው፤
ፕሮፔለሯን ፈትቶ ጉልበቱ ላይ አጋድሞ
በብርጭቆ ወረቀት ሲያሸው ይውላል።
«አንዱ ክንፍ ከሌላው በስንዴ ቅንጣት ቢከብድ
ታለቅሳለች እንጂ አትሄድም መንገድ።»
ጠጠር መትቶት የአንዱ ጫፍ ተሸርፏል፤
ሌላውንም በልኩ ሞርዶ አስተካክሎታል።

የጆሮ መክደኛ ሰጠኝ። ተነሣን።
ደንገሉ ተኛ፤ ሽመሎች ሰማዩን ሞሉ።
ያ ወሬኛ ልጅ፣
ወሬ በማይሰማበት ጀልባ ላይ አረጀ።
ዞሬ ሳይ ክንፍ የለም፤
ከሚንቀጠቀጥ የአየር ክብ በቀር ምንም፤
ወደ ፊትም አይደል፣ ወደ ኋላም አይደል።
በስልኬ ቀረጽሁት።

ሞተሩ ሲጠፋ፣ ሳንቃው ላይ ቁጭ ብለን አሳየሁት፦
በስልኩ መስኮት ውስጥ ክንፎቹ ቀስ እያሉ
ወደ መጡበት ይመለሳሉ።
ሙጬ መነጽሩን በሸሚዙ ጠረገ።
«ድገመው» አለኝ። ደገምሁ።
«አያችሁ?» አለ።
ብቻዬን ነበርሁ።