ሁለት ደቂቃ

ሩስታቪ ሜዳ ላይ፣ መኪና እንደ ከብት
ጥርሱ እየታየ በሚሸጥበት፣
በመጋቢት ጭቃ፣ ጎህ ሲቀድ ደረስን፣
ዳገት የሚወጣ መኪና ፍለጋ፣ ብርዱ እየጠበሰን።

እኔ የስቫኔቲ ነርስ፣ በቦርሳዬ መርፌ፣
መንደር ለመንደር የማድር በበረዶ አልፌ፤
ኦቲያ የባሌ ወንድም፣ አንደበቱ ቁጥብ፣
የሰው ፊት የማያነብ፣ ሞተር የሚያነብ።

ሻጩ ባድሪ ይባላል፤ ምላሱ ማር ያዘለ፣
«እሜቴ፣ ይህችን ስሚያት!» አለ፣
«ሞተሯ ትንሽ ነው፣ አንድ ነጥብ አራት፤
ቱርቦው ሲነሳ ግን የሁለት በሬ አቅም አላት።
ነዳጅ አትጠጣም፣ ትቀምሳለች እንጂ፤
ዳገት አትወጣም፣ ትውጠዋለች እንጂ።»

ኦቲያ መልስ አልሰጠም። ጎንበስ አለና
ጣቱን ጭስ ማውጫው ውስጥ ከተተና
አሸተተው። አሸው። ሱሪው ላይ ጠረገው።
«ዘይት ትበላለች?» ብሎ ጠየቀው።
«ኧረ በፍጹም! ከጀርመን የመጣች፣
በአንድ መምህር እጅ በዝግታ የኖረች።»
«ወይ የጀርመን መምህራን፣» አለ፣ «እግዜር ይስጣቸው፤
ሜዳው ሙሉ መኪናቸው ነው፣ ወይ በእግር መቅረታቸው!»

ከዚያ ወደ ጎን ሳበኝ፤
እንደ ሐኪም ለአስታማሚ፣ ድምጹን አጥፍቶ ነገረኝ፦

«ቱርቦ እንዲህ ነው፤ ሞተሩ የተፋውን ትንፋሽ
አያባክነውም፤ በዚያው በጭሱ ኃይል
አዲስ አየር ጠቅጥቆ መልሶ ያጎርሰዋል።
ውስጡ ሎሚ የምታህል መዘውር አለች፤
በደቂቃ መቶ ሺህ ዙር፣ ከዚያም በላይ ትሾራለች።
ተሸካሚዋ ዘይት ነው፣ ከላብ የሳሳ፤
እሱ የጎደለ ዕለት፣ ሬሳ።
ዛሬማ ትሮጣለች፤ ዛሬን ማን ጠየቀ?
የሚጠየቀው ስድስተኛው ክረምት ነው፣ የሻጩ ቃል ካለቀ።
ደግሞ የሚገድላት ሩጫው ብቻ አይደለም፤
እንደጋለች ድንገት ማጥፋት ነው።
ዘይቱ ባለበት ያርራል፣ ማንም አያይም።»

ዝም አልን።
ሁለታችንም ጌላን አሰብን።
ቀን ግድቡ ላይ፣ ማታ እንጨት ቤት፣
ሃምሳ አንድ ዓመቱ፣
እንደጋለ፣ በአንድ ቁልፍ፣ ደረጃው ላይ።
ኦቲያ እንደገና ጣቱን ጠረገ፣ ንጹሑን ጣት።

«ምን ይሻላል?»
«ያ ጥግ የቆመው አሮጌ፣ ቱርቦ የሌለው፣
ዳገት ላይ ያለቅሳል፣ ግን ዕድሜ አለው።
ይህችን ካልሽ ደግሞ፣ ዘይቷን በየሰባት ሺው ለውጪ፤
ስትደርሺም ቁልፉን አትንኪ፤ ሁለት ደቂቃ ተቀመጪ።»

ይህችን አልኩ።
ባድሪ ለወጉ ያህል ተከራክሮ ቀነሰ።

ይኸው ሦስተኛ ክረምቷ። በየሰዉ ደጅ ስደርስ
እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ፣ ግለቷ እስኪመለስ።
ሕመምተኛ ያላቸው በአጥር ብቅ ይሉና
«ምን ሆነች?» ይላሉ፤
«ጸሎት ላይ ናት» ትላለች አንዷ፣ ትታዘበኝና።
በሃያ ስድስት ዓመት ማንም ያላዘዘልኝ መድኃኒት ነው፤
ለማሽን ብዬ የወሰድኩት፣ ለእኔ የሠራው።

አንድ ሌሊት ግን ምጥ ነበር፤ እንደበራች ትቻት ሮጥኩ።
ሕፃኑ አልቅሶ፣ ጎህ ቀዶ ስወጣ
አሁንም ታንጎራጉራለች፣ ነዳጇ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣
የሞተሯ ክዳን ላይ የሰው ድመት ተኝቶ።

ትናንት ማለዳ ጭሷ ሰማያዊ መሰለኝ።
ምናልባት ሰማዩ ነው።
ለኦቲያ አልደወልኩም።
ሁለት ደቂቃ ቆጠርኩ፣
ከዚያ ትንሽ ጨመርኩ።