ውሃው ስንት ላይ ፈላ?

በአቶ ይመር መሳቢያ ውስጥ
ሠላሳ አንድ ስልክ ተኝቷል፤
አንዱ መስታወቱ ረግፏል፣
አንዱ በላስቲክ ታስሯል፣
ሰኞ ከሰልፍ መሃል፣ ከካልሲ ውስጥ የተያዘው
እንደ ታፈነ ንብ ያጉረመርማል፤ እናቱ ትሆን የደወለችው።
በሩ ላይ፣ በቀይ ማርከር፣ ማኅተም ከሥሩ አርፎበት፦
«ስልክና ትምህርት አይስማሙም። የያዘ ወላጅ ይምጣበት።»

እኔ የፊዚክሱ መምህር ነኝ፤ ኩታበር ከመጣሁ ሁለት ዓመቴ፤
አንዲት ቴርሞሜትር አለችኝ፣ በመሃረብ ተጠቅልላ ከደረቴ።
«ውሃ በመቶ ዲግሪ ይፈላል» አልኩ፤ ዘጠነኛ ‹ለ› ጻፈ፤
አርባ ስምንት እስክሪብቶ ሳያንገራግር አለፈ።
ጦይባ እንድሪስ ብቻ፣ ከኋላ፣ ከተሰበረው መስኮት ጥግ፦
«ቲቸር፣ የት ያለ ውሃ ነው?»
ሳቁባት። እኔም ልስቅ ነበር፤
ማታ ግን እንደ ጫማ ጠጠር ጥያቄዋ ይቆረቁረኝ ጀመር።

ደጅ ጠናሁ፣ ሦስት ቀን። አቶ ይመር በአራተኛው
«በአንተ ኃላፊነት» ብለው ፈረሙ፤ ተከፈተ መሳቢያው።
ቴሌግራም ላይ ቡድን ከፈትን፤ ልጆቹ ስም አወጡለት፣
«ውሃው ስንት ላይ ፈላ?» ብለው የጠቆረ ድስት ለጠፉበት።
ከባቲ አሊጋዝ ገባ፣ ተማሪዎቹን አስከትሎ፤
ከሐይቅ የመምህርት ስንዱ ክፍል፣ በስድስት ስልክ ተንጠልጥሎ።

መጀመሪያ የመጣው ቀልድ ነው፣ የኳስ ወሬ፣ የሚስቅ ፊት፤
ባቲዎች «ብርዳሞች» አሉን፣ እኛም «ጥብሶች» አልን በድፍረት።
ከዚያ አንዱ የክፍሉን ልጅ ፎቶ ለጥፎ አላገጠባት፤
ሦስት ቀን ከትምህርት ቀረች።
ቡድኑን ዘጋሁት።
«አላልኩህም?» አሉ አቶ ይመር። ምን እመልሳለሁ?
ልጁ በክፍሉ ፊት ቆሞ፣ በገዛ አፉ ይቅርታ ጠየቀ፤
ጣቱ የሠራውን ሊናገር ምላሱ እንዴት ተጨነቀ።

ቅዳሜ። ሦስት ከተማ። ሦስት ድስት በአንድ ሰዓት ተጣደ።
ጦይባ ስልክ የላትም፤ ቴርሞሜትሯን ለእሷ ሰጠሁ፤
እንፋሎቱ መሃል ጎንበስ አለች፣ የሻሿን ጫፍ በጥርሷ ይዛ፦
«ዘጠና አንድ።»
«ደግመሽ እዪው!»
«ዘጠና አንድ ነው፣ ወላሂ። እየተንተከተከ አልወጣ አለ።»
ሙሄ ፎቶ አንስቶ ሊልክ፣ ኔትወርኩ እምቢ አለ፤
ስልኩን በሸንበቆ አስሮ ከታንከሩ ላይ ተንጠለጠለ።
ከሐይቅ መጣ፦ ዘጠና ሦስት።
ባቲ ጭጭ።
ባቲ መብራት ጠፍቶ ኖሯል። ሰኞ ሌሊት ልተኛ ስል
ስልኬ ጮኸ፤ የአንዲት ልጅ ድምፅ፣ ሳቅ እያፈነው ሲቆራረጥ፦
«አብሽሩ፣ አልጠፋንም! እኛ ጋ ዘጠና አምስት።
ለምንድነው ግን የምትቀድሙን፣ እናንተ ዳገት ላይ ያላችሁት?»

መቶ የለም። ከባቲ እስከ ኩታበር መቶን ያየ ድስት የለም።
መጽሐፉ አልዋሸም፤ ከባሕር ጠረፍ ተቀምጦ
የጻፈው ሰው ግን እኛን አላየም።
ጦይባ ሰሌዳው ላይ ሦስቱን ቁጥር ደረደረች፤
«አየሩ እዚህ ቀጭን ነው፣ ውሃውን የሚጫነው የለም» አለች፤
ቆየት ብላ፣ ለራሷ፦
«ውሃ እንኳ ዳገት ሲወጣ ይቀለዋል።»

አቶ ይመር የበሩን ጽሑፍ አልፋቁትም፤
ከሥሩ በእርሳስ ጨመሩ፣ በትንሹ፦ «ከፊዚክስ በቀር።»
ማታ አንድ የማላውቀው ቁጥር ቡድናችን ውስጥ ገብቶ ነበር፤
እንደ ደብዳቤ ነው የጻፈው፦ «ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ።
ጦሳ አናት ላይ ስንት ይሆናል? ከሰላምታ ጋር።»

አልመለስኩም። ጥያቄውን በወረቀት ገለበጥኩት፤
የጦይባ ነው፤ እስኪነጋ ደብተሬ ውስጥ አጥፌ አስቀመጥኩት።