ተቀባይ

ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣
ጁፌር ያለው ሆቴል፣ አስራ ሁለተኛው ፎቅ፣
ሥራዬ ገመድ ነው፤
መዘርጋት፣ መጠቅለል፣ ድምፅ እንዳያፏጭ መጠበቅ።

እሷ ሄስተር ባርሎ፣
ዓሣ ከሚሸት ወደብ፣ ከሰሜን እንግሊዝ፣
ለሦስት ወር ተዋውላ
መጣች፣ አንድ ጊታርና አንድ ካፖርት ይዛ።
ካፖርት! ለማናማ!
ግንቡ እንኳ በጥቅምት በላብ ለሚወዛ።

ድሮ ሁለት ነበሩ፤
እሷና አንድ ሰውዬ፣ አንድ ስም፣ አንድ መኪና።
ሲጣሉ ስሙን እሱ ወሰደ፣ መኪናውን እሱ ወሰደ፣
እሷ ዘፈኑን ይዛ ወጣች፤
ግማሹን ማለቴ ነው፣ ግጥሙ የሱ ነውና።

ከዚያ ወዲያ ብቻ።
ፒያኖውን ብቻዋን፣ ከበሮውን ብቻዋን፣
ሁለተኛውን ድምፅም ራሷን በራሷ ላይ ደርባ።
“ጎበዝ!” አሏት ጋዜጦች።
ጎበዝ የተባለችን ማን ይጠይቃታል፣
አድራ እንደሆን አልቅሳ፣ አድራ እንደሆን ተርባ?

ሁለተኛው አልበም ከአንድ ከበሮ መቺ ጋር፤
ከበሮው በዝቶ እሷ ጠፋች።
ሦስተኛው ከአንድ ስመ ጥር ጋር፤
ስሙ በዝቶ እሷ ጠፋች።
አራተኛውን ሳትጀምር
እኛ ጋ መጣች።

ይኼን የነገረችኝ ሊፍት ውስጥ ነው፤
ስፒከር ተሸክሜ፣
በተሰባበረ እንግሊዝኛ “የስ፣ የስ” እያልኩ ቆሜ።

ሰዉ ይበላል። ሹካ ይንኳኳል።
አንዱ ይነሳና የሚያውቀውን ዘፈን አምጪ ይላታል።
ድምጿን ከፍ ላድርግላት ብዬ ቁልፉን ስነካ፣
በዓይኗ “ተው” አለችኝ።
ድምፅ አልነበረም የጎደላት ለካ።

አንድ ሌሊት በፒክአፕ፣ ከገመዱ ጋር ጭኛት፣
ድልድዩን ተሻግሬ ሙሐረቅ ወሰድኳት።
እዚያ አንድ ቤት አለ፤
የዕንቁ ጠላቂዎች ልጆች፣
ባሕሩን ለነዳጅ ከተዉት ወዲያ
ዘፈኑን ያልተዉት።
ቡ ጃሲም ያወጣል።
አስራ አራት ሽማግሌ ከሥር፣ ከሆድ፣ ከወለሉ በታች
ይቀበላል፣
የሸክላ እንስራ በመዳፍ እየተመታ።
ሄስተር በሩ ሥር ጫማዋን አውልቃ፣ ጉልበቷን አቅፋ፤
ያን ዕለት ሰማሁት የሷን የራሷን ጸጥታ።

“አሁን አንቺ” አላት፣ እኔን አስተርጓሚ አድርጎ።
ዘፈነች። ያምራል።
ሲያልቅ ማንም አልተነፈሰ።
“ጥሩ ነው” አለ ቡ ጃሲም፣ ጢሙን እያሻሸ፣
“ግን በር የለው።
እኛ በየት እንግባ?”

እንዴት ብዬ ልተርጉመው?
የወሎ ልጅ ነኝ፤ አባቴ መንዙማ ሲያወጣ
ከግድግዳው ሥር ተደርድረን ስንቀበል ነው ያደግነው።
በእንግሊዝኛ ተቀባይ ምን እንደሚባል አላውቅም።
እጄን ዘረጋሁላት፣ ባዶ እጄን፤
“ይኼን” አልኳት፣ “እዚህ ጋ፣ ባዶ ተዪልን።”

ተወችልን።
ከአንድ ስንኝ በኋላ አራት ምት ያህል ዝም አለች፤
በዝምታዋ ውስጥ አስራ አራት ሰው ገባ፣
እኔም፣ ገመድ ጠቅላዩ፣ አስራ አምስተኛ ሆኜ፣
አባቴ ከተቀበረ ወዲህ ያልነካሁትን
የታችኛውን ድምፅ ይዤ።

አልበሙ ወጣ፣ እሷ ከሄደች በኋላ።
ሽፋኑ ላይ በትልቁ፦ ሄስተር ባርሎ፤
ከጀርባው በጥቃቅን ፊደል፣ ጉንዳን የሄደበት መስሎ፣
የአስራ ስድስት ሰው ስም።
እንድሪስ ነኝ እኔ፤ “አንድርያስ” ብለውኛል።
አባቴ ቢሰማ!
ጋዜጦቹም እንደ ልማዳቸው፣ “ብቻዋን ያበበች” አሏት።
ብቻዋን።
ብቻ… ትሁን።

ዛሬ ደመወዝ ነው። ሐዋላ ቤት ተሰልፌ፣
ቅጹ ላይ ሁለት መስመር አለ።
ላኪ፦ እንድሪስ። ፊደል በፊደል፣ ራሴ ጻፍኩት።
ተቀባይ፦
እህቴ ናት፤ ከድጃ፣ ኮምቦልቻ፤ ሁሌም የምጽፋት።
የዛሬን ግን እስክሪብቶዬን አንስቼ
አራት ምት ያህል
ባዶውን ተውኩት።
ከኋላዬ ሰልፉ አጉረመረመ፤
ከሥር፣ ከሆድ፣
በአንድ ድምፅ።