አራት ነጥብ

እትዬ አስካለ አራሚ ነበሩ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ለፊደል ያደሩ፣
አራት ኪሎ፣ ቀለም ቀለም በሚሸት ክፍል፣
ቀይ እስክሪብቶ ይዘው የሳተ ሰረዝ፣ የዘለለ ፊደል
ከገጽ ገጽ ሲያሳድዱ የኖሩ።
አሁን ገጹ እሳቸው ናቸው። እስክሪብቶው እኔ እጅ ነው።

ጥቁር አንበሳ፣ ምድር ቤት፣ ከወፍራሙ በር ወዲያ፣
ግራ ጡት ከነበረበት፣ ከስፌቱ ዙሪያ፣
በማይለቅ ቀለም ነካ ነካ አደረግኳቸው፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ቀዘቀዛቸው።
«ማሽኑ እንዳይስት ነው፣» አልኩ፣ «ጨረሩ ልኩ ላይ እንዲያርፍ።»
ቀና ብለው ቆጠሩት፣ እንደሚያርሙት ምዕራፍ።
«አራት ነጥብ?» አሉ። «ይህንንስ አውቀዋለሁ፤
ስንቱን ዓረፍተ ነገር በሱ ዘግቻለሁ።»

መልስ አጣሁ። እኔን ያስተማሩኝ
መጠን ነው፣ ማዕዘን ነው፣ ከሳንባ ስንት ሚሊሜትር እንደምርቅ።
ውጭ ደግሞ ሰባት ሰው ይጠብቃል።

ያን ሰሞን አዲስ መመሪያ መጥቶ፣
ዶክተር ሂርጳ በአማርኛ አሳጥሮ፣ ፎቶ ኮፒ አንስቶ፣
ቁጥሩንም ሰው እንዲገባው በፊደል ጽፎ፣
ከመጠበቂያው ግድግዳ ላይ በፕላስተር ለጥፎ፦
«ለዚህ ዓይነት ታማሚ የጨረር ህክምና
ሃያ አምስት ቀን የነበረው አሥራ አምስት ይበቃል፤
የየዕለቱ ድርሻ ጠንከር፣ ድምሩ ቀለል ይላል፤
ውጤቱ አያንስም። ተጠንቷል።»
ከሥሩ ሴቶች አሉ፣ ለብዙ ዓመት የተከተሏቸው፤
ስም የላቸውም እዚያ፣ ከመቶ ነው መጠሪያቸው።
እገሊት ዳነች አይልም፣ እገሊትን መልሶ ያዛት አይልም፤
ሁለት መስመር ተቃቅፎ፣ ቀስ ብሎ፣ ወደ ታች ሲወርድ እንጂ።

እትዬ አስካለ ተራ ሲጠብቁ አነበቡት፤
ከሳቸው በፊት ማንም እንደዚያ አላነበበው፣ እኔም ጭምር።
«ህክምና» የሚለውን ሰርዘው «ሕክምና» አሉት፤
«በሐመሩ ሐ ነው፣ ልጄ። እናንተ ቤትማ ይህ አይሳትም።»
ከዚያ፣ መነጽራቸውን እየወለወሉ፣
«ከኔ የተረፈው አሥር ቀን ወዴት ይሄዳል?» አሉ።

ከአግዳሚው ጫፍ ዘይቱና ነበረች፣ ከበደሌ የመጣች፣
ፌስታል አቅፋ፣ ግድግዳ ተደግፋ ያንቀላፋች፤
ጎላ ሚካኤል ጀርባ ፍራሽ ተከራይታ
የጊደሯን ዋጋ ሌሊት በሌሊት የምትመነዝር።
«እሷ ጋ፣» አልኩ። «ቀጠሮዋ ጥቅምት ነው፤
የቀረ ሰው ካለ ብላ በየቀኑ ትመጣለች።»
ጥቂት ዝም አሉ።
«እንግዲያው ይጠር። ጽሑፍም ሲያጥር ነው የሚጠራ።»

ዘጠነኛው ቀን መብራት ሄደ፤ ማሽኑ ደነቆረ።
ደጅ ወጥተን ተቀመጥን። ከቸርችል ጎዳና ረዳቱ
«ፒያሳ! ፒያሳ! ሁለት ሰው!» እያለ ይጮህ ነበረ።
ቆዳቸው መቅላት ጀምሯል፣ እስከ ብብት፣ እስከ አንገት።
«የኔው ቀለም ነው፣» አሉ። «የታረመ ወረቀት።»
ቅባት ሰጠኋቸው። ሌላ የምሰጠው አልነበረኝም።

አሥራ አምስተኛው ቀን ሻርፓቸውን አሰሩ፤
እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ምንም አልተናገሩ።
ሽቅብ፣ ወደ ፒያሳ፣ በእግራቸው።
ዳኑ ወይ ብትሉኝ፣ አላውቅም። እኔ ቀን ነው የምቆጥረው።

ማታ በሩን ስቆልፍ ወረቀቱን አየሁት።
ከግርጌው፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ስለተመለሰባቸው ከሚናገረው መስመር፣
ፎቶ ኮፒው ጠርዙን በልቶት፣ ቁጥሩ ተቆርጦ ኖሯል፦
«ከመቶ አራት ነጥብ» ይላል።
ከዚያ ወዲያ ወረቀት የለም። ግድግዳ ነው።
በቀይ፣ በሕዳጉ፣ ትንሽ ጣሪያ የመሰለች የአራሚ ምልክት፦
«እዚህ የጎደለ አለ። ይሟላ።»

ዶክተር ሂርጳን መጠየቅ እችል ነበር፤ ቁጥሩን ያውቀዋል።
አልጠየቅኩም።

ጠዋት ዘይቱናን አስተኛኋት፤
«ትንሽ ይቀዘቅዛል፣» አልኳት።