ለጉርምርምታው መንገድ

ፀሐይ በኅዳር መጨረሻ ተሰናብታ
እስከ ጥር ድረስ በማትመለስበት ቦታ፥
በኢናሪ ሐይቅ ዳር፥ ከጥድ ዛፎች ኋላ፥
ታይስቶ ይኖራል፤ ሰባ ስምንት ዓመቱ፥ ጆሮው ግን ያልላላ።

ከቤቱ ጀርባ ሦስት መቶ ሜትር ሽቦ
ከግንድ ወደ ግንድ ተስቦ
ጫካውን ሰንጥቆ ወደ ምዕራብ ያያል።
ሌሊት ሲበረታ፥ ከፔሩ ተራራ አንዲት ትንሽ ጣቢያ
በሴት ድምፅ ትነግረዋለች
የድንች ዋጋ፥ የእሁድ ገበያ።

ዘንድሮ ግን የለችም።
በእሷ ቦታ አንድ ጉርምርምታ፥
እንደ ታፈነ ንብ፥ እንደ ቂመኛ ሹክሹክታ፥
ከሰኞ እስከ እሁድ፥ ከማታ እስከ ማታ።

ታይስቶ ጠራኝና "ባትሪ ያዢልኝ" አለ።
እኔ ፖስታ አዳይ ነኝ፤ ስለ ሬዲዮ የማውቀው የለ።
ቤቱን ዞርን፤ ሶኬቱን አንድ በአንድ ነቀልን፤
ማቀዝቀዣ፥ ምድጃ፥ ፓምፕ፥ ሁሉንም ዝም አሰኘን።
ያ ነገር ያው።
በመጨረሻ አንድ መብራት ቀረ፥ መስኮቱ ላይ ያለው፤
ነጭ፥ እንደ ትሪ ሰፊ፥ የጨለማ ወራት መድኃኒት፤
ሚስቱ ሂልካ ያዘዘችው፥ እኔ ያደረስኩት።
በዋዜማው ተቀብራ ነበር።
እሱ ፈረመልኝ፥ በእሷ ስም።

ነቀለው፤ ክፍሉ ጨለመ፤ ፔሩ መጣች።
ሰካው፤ ክፍሉ ነጋ፤ ፔሩ ሄደች።
"አንዱን ምረጥ" ልለው ነበር፤ አላልኩም።
እሱም የመሣሪያ ሳጥኑን ከፈተ እንጂ አልተናገረም።

"ገመዱን እይው" አለኝ ቆይቶ፥ ጫፉን በቢላ ልጦ፥
የተጠለፈ መዳብ ከላስቲኩ ሥር ገልጦ፤
"ወሬው የሚሄደው በመሐል ነው፥ በዚች ቀጭን ጅማት፤
ይህኛው ልብሷ ነው፥ ሊጠብቃት።
ግን ልብስም ይቆሽሻል፤ የቤቱን ሁካታ በገላው ይዞ
እስከ አንቴናው ሥር ይሄዳል ተጉዞ፤
እዚያ ከውስጥ ይገባል፥ እንግዳ መስሎ፥
ከሴትየዋ ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ።"
"ታዲያ?"
"ታዲያማ ደጅ ላይ መያዝ ነው። መንገድ ማሳየት፥
ወደ መሬት።"

ሃያ ስምንት ከዜሮ በታች። ገመዱን ደጅ ቆረጠው፤
ሁለቱን ማያያዣ ከመዳብ ሰሌዳ ጋር በብሎን አሰረው።
ጓንቱን አውልቆ ነበር፤ ጣቱ ከብረቱ ተጣበቀ፤
ተሳደበ፤ ወዲያው እኔን ይቅርታ ጠየቀ።

መሬቱ ግን እንቢ አለ። ዘንጉ ስንዝር ገብቶ ቆመ፤
መዶሻው ነጠረ፤ የሽማግሌው ክንድ ደከመ።
"የቀዘቀዘ አፈር አይሰማም፤ ጆሮው ተደፍኗል።
ውኃው ጋ እንሂድ፤ ከግግሩ ሥር ሐይቁ ገና ነቅቷል።"

ከጓዳ ድስት ይዞ መጣ፤ የመዳብ፥ ቂጡ የጠቆረ፥
ሂልካ የጫካ እንጆሪ ስትቀቅልበት የኖረ።
በሳው። ሽቦውን አሰረበት።
ዓሣ በሚያጠምድባት የበረዶ ቀዳዳ ለቀቀው።
አንዴ አብለጨለጨ በባትሪዬ ብርሃን፤
ከዚያ ጭቃውን ፍለጋ ሄደ፥ ሽቦው እየተፈታ ከእጃችን።
ለካ ተቀባይ የሚሰማው
ተቀባሪ ሲኖረው ነው።

ማያያዣውን በጎማ ፕላስተር ጠቀለለው፥ ውኃ እንዳይገባው፥
ሳይቸኩል፥ የልጅ ቁስል እንደሚያስር ሰው።

ቤት ገብተን መብራቱን ሰካ። ሬዲዮውን ከፈተ።
ጉርምርምታው አልሞተም፤ ግን ወደ ሐይቁ ሸፈተ፤
ሥር ሥሩን ይሰማል፥ እንደ ጎረቤት ማንኮራፋት።
በላዩ ላይ ግን ሴትየዋ፥ ትንሽ ጉንፋን ይዟት፥
ዋጋ ትቆጥራለች።
ታይስቶ ደብተሩ ላይ ጻፈ፦ ቀን፥ ሰዓት፥ ሞገድ፤
"ድንች ጨምሯል።"

በሳምንቱ ለጣቢያዋ የሚላክ ፖስታ ሰጠኝ፥
ቴምብሩ የተጣበቀ፥ ክዳኑ ያልታሸገ። "እስኪ እዪልኝ።"
እንዴት እንደሰማቸው፥ የሰማውን ሁሉ ዘርዝሮ፥
ከድንቹ ዋጋ በታች አንድ መስመር ጨምሮ፦
"መብራቱ በርቶ ነው የሰማኋችሁ።"