መጀመሪያ መሬት

ኪንጋ፣ ሶኬቱን ንቀዪው ከግድግዳ፣
ገብተናል ዛሬ ከእሳትና ከውሃ ጓዳ።
ካቻቢቴ አቀብዪኝ፤ ትልቁን ሳይሆን ትንሹን፣
ሠላሳ ዓመት ከመርከብ መርከብ ያየ ስንቱን፣
እጀታው ቀልጦ የቀየረ መልኩን።

ፕሮግራሙ የራስሽ፤ እኔ አላነበውም፣
ሽቦን ግን ጣቴ ያውቃል፤ ዓይኔን አይጠይቀውም።
ቡናማው ነው ቁጡው፣ ሰማያዊው መላሽ፤
ይቆዩ ሁለቱም፤ በቢጫ አረንጓዴው ልጀምርልሽ።
መጀመሪያ መሬት። ብሎኑን አጥብቂ፣
ሳብ አድርገሽ ፈትኚው፤ አይ፣ እንደሱ አትሳቂ፤
መሬት ያላገኘ ነገር ከቤቴ አያድርም፣
ለምን እንደሆነ ነግሬሽ አላውቅም።

ወንድሜን ዜኖንን ባልቲክ የወሰደው
በየካቲት ሌሊት፣ መረብ ሲጎትት ነው።
እናቴ ባዶ ሣጥን ግዲኒያ ላይ ቀበረች፣
የእሁድ ኮቱን አጥፋ ከውስጡ አኖረች።
ኮቱ መሬት አገኘ።
እሱ —

በይ ተይው። ሪሌው የት አለ?

ይኸው፤ የክብሪት ቀፎ አያህልም፣
ቀጭ ይላል፤ ሌላ ቃል አያውቅም።
ሦስት ብሎን አለው፤ አንደኛው የጋራ፣
አንዱ ሲያርፍ ክፍት ነው፤ ሌላው ዝግ፣ አደራ፤
በኛ ሙያ ዝግ ማለት የሚያሳልፍ በር ነው፣
ሌላው ይስቅብናል፤ እኛ የለመድነው።

ማሞቂያው ከክፍቱ። ኮምፒውተርሽ ደርቆ ቢቀር
ይጥፋ፣ ዓሦችሽ ሾርባ ሆነው ከማደር፤
ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገር።
ፓምፑን ግን ከዝጉ። አዛዡ ቢሞትም
እሱ ይተንፍስ፤ ዓሣ አይጠይቅም
አየሩን በሌሊት ማን እንደላከለት።

ገመዱን ልቀቂው፤ ከሶኬት ዝቅ ይበል፣
ጠብታ ቢከተለው ሆዱ ላይ ይንጠልጠል፣
ከዚያ ወደ ወለል። ውሃ ሰነፍ ነው፣
ቁልቁል ካገኘ ሽቅብ አይወጣም ይላሉ።
እኔ እንጃ፤
ሰነፍ አልመሰለኝም ያየሁት ውሃ ሁሉ።

ክዳኑን ግጠሚ። እጅሽን አድርቂ። አሁን ሰኪው።
አየሽ? ፓምፑ ቀደመ፣ ማንንም ሳይጠብቅ።
ቀጭ።
አምፖሉ ተከተለ፤
ኒዮን ዓሦቹ ከድንጋይ ሥር ብቅ፣
አንዱ ብቻ ቀርቷል፤ ተዪው፣ እሱ ሁሌም ዘግይቶ ነው።

ጨርሰናል እኮ። ለምን ነቀልሽው ደግሞ?
ክዳኑንስ ምን ልትሆኚ ትከፍቺዋለሽ?

አሃ።
ቢጫ አረንጓዴውን።
ሳቢው፣ የኔ ልጅ፤ እንደገና ሳቢው።
ይዟል?