ለጊዜው

ደብዳቤው አጭር ነው፤ ማኅተሙ ይጮኻል፤
«ዶላር ስለሌለ፣ የጎርፍ ጥናቱ ለጊዜው ይቆያል።»
ኢፍቱ ሁለቴ አንብባ፣ አራት ቦታ አጠፈችው፤
ከሚያነክሰው ጠረጴዛ እግር ሥር ሸጎጠችው።
ጠረጴዛው፣ ለጊዜው፣ ቀጥ አለ።

ደቻቱ አልሰማም።
ደረቱን ለፀሐይ ሰጥቶ፣ አሸዋ ተንተርሶ ተኝቷል፤
ግመል ያልፍበታል፣ ሰልባጅ ሻጩ ድንኳን ተክሎበታል።
ደጋው ላይ ሲጠቁር ግን፣ ሌሊት ተነሥቶ ይመጣል፤
እሱ መች ሰርኩላር ያነባል?

በባጃጅ ወረድን፣
የሸማንደፈር ጡረተኛው ጋሽ ሮብሌ ዘንድ።
የፉርጎ ፋኖስ ፈትቶ፣ የነሐስ ሆዱን በየደ፤
በብስክሌት ሰንሰለት ከደወል አዛመደ።
«መርከብ በዘገየ ቁጥር ባቡሩ መች ቆመ?» አለ።

በርሜል ውኃ ሞልተን ስንሞክር
ፋኖሱ ተንሳፈፈ፤ ደወሉ ሰፈሩን ቀሰቀሰ።
ኢፍቱ ብዕር አወጣች።

«አቦ፣ አደራ!» አለ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣
«ሪፖርት ላይ እንዳታሞግሱኝ፣ ስሜ በስብሰባ እንዳይነገር።
የሚያስፈልጋችሁ ሰባት ነው፤ ይኼ አንድ ነው፤ እሱም
ይጮኻል እንጂ፣ ውኃው ስንት ሰዓት እንደቀረው አይቆጥር።
‹ያለ በጀትም ይሠራሉ› ያሏችሁ ቀን፣
ያኔ ነው ጎርፉ።»